ለቅሶ የሚችል ቤት

እንጂነር የሺ ማረፋቸውን የሰማሁት አዲሱ ገበያ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የቢሯችን ጸሐፊ ደወለችና "ሳሚ፣ እንጂነር አረፉ እኮ" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ቀጨኔ መድኃኔዓለም መሆኑን ነገረችኝ፤ ለዚህም "እሺ" አልኩ። ከዚያ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ እኔም አብሬ ተንቀሳቀስኩ። ታክሲው ውስጥ ጎኔ ለተቀመጠችው ሴትዮ መስኮት ከፈትኩላት፣ ረዳቱ መልስ ሲሰጠኝ ተቀበልኩ፣ ቤቴ ደርሼ እራቴን በላሁ። ሐዘን እንዲህ ያለ ነገር ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። አሁንም ይህን ስጽፍ የሚሠራው እጄ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰውነቴ የለበትም።

አብረን የሠራነው የከተማ ፕላንና የሕንፃ ንድፍ በሚያወጣ አነስተኛ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። እሳቸው የውሃ መሐንዲስ፣ እኔ ሥዕል ሠሪ። ሥዕል ስል ገና ያልተሠራውን ነገር ኮምፒውተር ላይ የተሠራ አስመስሎ ማሳየት ማለቴ ነው። እንጂነር ይህን ሙያዬን ባጭሩ "እንጀራህ ውሸት ነው" ብለው ይገልጹት ነበር። ክፋት አልነበረበትም። ሲሉት ብዙ ጊዜ ሻይ እያዘዙልኝ ነው።

ረጅም፣ ጠይም፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ ሴት ነበሩ። ክረምት ሙሉ ቢሮ የሚገቡት በጎማ ቦት ነው። ጠዋት ወንዙን ሳያዩ አይመጡም፤ የት ደርሰው እንደመጡ ደረጃው ላይ ያለው ጭቃ ይናገራል። የጽዳት ሠራተኛዋ ታጉረመርማለች፣ እሳቸው ከልባቸው ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ በማግስቱ ያንኑ ቦት ተጫምተው ይመጣሉ። ንድፍ ሲቀርብላቸው ደግሞ ቶሎ አያዩትም። መጀመሪያ መዳፋቸውን ዘርግተው ወረቀቱ ላይ ያሳርፋሉ፣ እናት የልጇን ትኩሳት ግንባሩ ላይ እንደምትለካው። ከዚያ ነው መነጽራቸውን የሚያደርጉት። አዲስ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ይስቅ ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ፤ በኋላ ግን እጃቸው ወረቀቱ ላይ ትንሽ ከቆየ የሆነ ቦታ እንደተሳሳትኩ ማወቅ ጀመርኩ።

የሚኖሩት ቀጨኔ ወንዝ ዳር፣ ከእናታቸው ከእማማ ተዋበች ጋር፣ በቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ያን ያህል ተምረው ለምን እዚያ እንደሚኖሩ የሚጠይቃቸው አልጠፋም። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "እናቴ እድር አላት።" ጠያቂው ተጨማሪ ማብራሪያ ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን ጨርሰዋል።

አንድ ጊዜ ትልቅ ሥራ መጣ። ከቀጨኔ የሚወርደው ወንዝ የሚታጠፍበት ሜዳ አለ፤ የእንጂነርም ሰፈር እሱ ነው። በጋ ሰው ይኖርበታል፣ ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ልክ ለመናገር ክረምትም ሰው ይኖርበታል፣ አልጋውን በብሎኬት ከፍ አድርጎ። አሠሪው የጠየቀን ወንዙን ዳርና ዳር አስተካክለን ሣር፣ የእግር መንገድ፣ መብራትና ሻይ ቤት እንድናስቀምጥበት ነው። ነዋሪው በየደረሰው ቦታ ኮንዶሚኒየም ይሰጠዋል። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። እኔም የታዘዝኩትን ሣልኩ። ሣሩ ላይ ፊኛ የያዘች ሕፃን፣ ብስክሌት የሚነዳ ፈረንጅ፣ ውሻውን የሚያንሸራሽር ሌላ ፈረንጅ አስቀመጥኩ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ተዘጋጅተው የሚመጡ ሰዎች ናቸው።

እንጂነር መዳፋቸውን ሣሬ ላይ አሳረፉ። "ሳሚ፣ እነዚህ የነማን ልጆች ናቸው?" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ካሜራ አስይዘው ሰፈራቸው ወሰዱኝ። ሸማኔውን፣ ድንች ቸርቻሪዋን፣ ሸክላ የምትሠራውን ሴትዮ፣ ጥላቸውን ዘርግተው የሚቆሙትን የእድሩን ሰብሳቢ አቶ ደምሴን አንድ በአንድ እያስፈቀዱ ፎቶ አስነሡኝ። ፊኛዋንና ውሻውን አስወጥቼ እነሱን ሥዕሉ ውስጥ አስገባሁ። ሥዕሉ አስቀያሚ ሆነ፤ ሸማኔው ፎቶ ሲነሣ ደንግጦ ስለነበር ሣር ላይ ቆሞ የሚከሰስ ሰው ይመስላል። እሳቸው ግን ወደዱት።

ፕላኑንም ከሥሩ ለወጡት። የሜዳው የላይኛው ክፍል ረግረግ ይሁን አሉ። ወንዙ ከላይ ጠርጎ የሚያመጣው ቆሻሻ ውሃ በደንገልና ቄጤማ መሃል ቀስ ብሎ እንዲያልፍና እየጠራ እንዲወርድ። የአሠሪው ተወካይ፣ ደርባባና ጨዋታ የሚወድ ሰው፣ ረግረግ አድርቁልን ብለን ቀጥረናችሁ ረግረግ ትሠሩልናላችሁ ወይ ሲል፣ ጠላ ሳይጠለል ይቀርብልዎታል ወይ ብለው መለሱለት። ሰውየው ስቆ ፈቀደ።

ሌላው ሐሳባቸው ግን አላሳቀውም። ሰዎቹ እዚያው ሜዳው ላይ ይቆዩ፣ ቤታቸው ግን በርሜል ላይ ይሠራ አሉ። ቤቱ በጋ መሬት ላይ ይቀመጣል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ በአራት የብረት ምሰሶ መሃል ተንሳፍፎ ወደ ላይ ይነሣል፤ ውሃው ሲሸሽ ተመልሶ ቦታው ላይ ያርፋል። የቧንቧውና የሽንት ቤቱ ቱቦ ተጣጣፊ ስለሆነ አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይወርዳል። ተወካዩ፣ እንዲህ ከመልፋት ኮንዶሚኒየም መስጠት አይቀልም ወይ ብሎ ጠየቀ። ያኔ የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ሰውን ከዚህ ሲያነሡት ቤት ይሰጡታል፤ መልካም። ቀባሪውን ግን ከየት ያመጡለታል?"

ተወካዩ አንድ ሐሳብ አቀረበ። አንድ ናሙና ቤት ሥሩ፤ ክረምቱን ይሞከር፤ ከዚያ የሰፈሩ ሰው በሙሉ በእድሩ በኩል እስከ ገና ከፈረመ እንቀበላለን፤ ካልፈረመ ወደ ሣሩ እንመለሳለን አለ። እንጂነር እጁን ጨበጡት።

ናሙናው ክረምት ከመግባቱ በፊት አለቀ። ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ላይ የተቀመጠ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቀላል ጣውላ የሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ኪዮስክ የሚመስል ቤት ነበር። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ላይ ሰማዩ ጠቆረና ሰፈሩ በሙሉ ዳገቱ ላይ ወጥቶ ቆመ። እማማ ተዋበች ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በርጩማቸውን ይዘው ናሙናው ውስጥ ገቡ። ልጃቸው ውጪ ብለው ሲለምኗቸው በሩን ዘጉባቸው።

ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ እንጨትና ፌስታል ይዞ መጣ። ሜዳውን ሞላው። ቤቱ መጀመሪያ ተንቋቋ፣ ከዚያ ከስግደት እንደሚነሣ ሽማግሌ በዝግታ፣ በአንድ ጎኑ ትንሽ ቀድሞ፣ ተነሣ። ዳገቱ ላይ እልልታ ቀለጠ። አንድ ሰው እማማ እንዴት ነዎት ብሎ ሲጮህ በመስኮት ብቅ አሉና ደህና መሆናቸውን፣ ብቻ ጎረቤት እንደጎደላቸው ተናገሩ። ሁሉም ሳቀ። እንጂነር አልሳቁም። ዓይናቸውን ከምሰሶዎቹ ሳይነቅሉ ውሃው እስኪሸሽ ቆመው ነበር። ቤቱ መልሶ መሬት ላይ ሲያርፍ ጭቃው ውስጥ ገብተው በርሜሎቹን እየዳሰሱ ዞሩ፤ ከዚያ በኋላ ነው እናታቸውን አቅፈው ያወረዱት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ኅዳር ላይ እድሩ በቆርቆሮ አዳራሹ ስብሰባ ጠራና እንጂነር ሊያስረዱ፣ እኔም ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ልሰቅል ሄድን። አባላቱ ብዙ ጠየቁ። ልጆች የት ይጫወታሉ? ለፋሲካ በግ የት ይታረዳል? የታጠበ እህል የት ይሰጣል? እንጂነር ለሁሉም መልስ ነበራቸው፤ ለእያንዳንዱ ሥዕሉ ላይ ቦታውን በጣታቸው ያሳያሉ። ሸማኔው ራሱን ሥዕሉ ውስጥ አይቶ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ። ሌሎችም አወጡ። ያኔ አቶ ደምሴ ተነሡ። የድሮ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፣ እርጅና ገብቷቸዋል፣ ድምፃቸው ግን አሁንም እስከ ኋላ ወንበር ይደርሳል።

"ልጄ፣ ያ ቤትሽ ለቅሶ ይችላል?" አሉ።

ቤቱ የተሰላው ለአንድ ቤተሰብና ለዕቃው መሆኑን እኔ አውቃለሁ። በልቤ 'ይችላል በሉ፣ በሉና እንውጣ' አልኩ። እንጂነር መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ጥቂት ቆዩ።

"አይችልም፣ ጋሼ" አሉ። "ለቀስተኛው አንድ ጥግ ላይ ከተሰበሰበ ያዘነብላል። ይህን አላሰብኩትም። ጊዜ ስጡኝ፣ አስተካክዬ እመጣለሁ።"

አቶ ደምሴ እንደቆሙ ቀሩ። ወደ ጓደኞቻቸው አዩ፣ ጓደኞቻቸውም ወደሳቸው አዩ። በመጨረሻ፣ መልካም ነው፣ ጊዜ ወስደሽ ሥሪ ብለው ተቀመጡ። እስክሪብቶው ወደየኪሱ ተመለሰ።

ዳገቱን ስንወጣ አልቻልኩም፣ ተናገርኩ። ይችላል ብለው አስፈርመው በኋላ ማስተካከል ይችሉ እንደነበር፣ ዓለም የሚሠራው እንደዚያ እንደሆነ ነገርኳቸው። እሱ ያንተ ሥራ ነው አሉኝ። ጥቂት እንደሄድን ቆሙ፤ ድክም ብሏቸው ነበር።

"እናቴ ስትሞት የመጣው ሰው ውሃ ውስጥ ይግባ?" አሉ።

በርሜሉ በዝቶ፣ ቤቶቹ ሦስት ሦስት ሆነው እየተያያዙ፣ መሃላቸው ላይ ሰው የሚቀመጥበት ሰፊ መድረክ እንዲኖር እንደገና ማስላት ጀመሩ። መድረኩ ሲጨመር ምሰሶው አነሰ፣ ምሰሶው ሲወፍር መሠረቱ ተለወጠ። አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይፈርሳል። ገና ደረሰ፣ ሥራው አልደረሰም። ለተወካዩ ጊዜ እንዲጨምር ደወሉለት፤ በጨዋ ደንብ እምቢ አለ። ከጥምቀት በኋላ ሰው የኮንዶሚኒየም ቁልፍ መቀበል ጀመረ። አንዱ ለከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ፣ ሌላው ለደቡብ ጫፍ ደረሰው። እድሩ ድስቱንና ወንበሩን ተከፋፈለ፤ ድንኳን አይከፈልምና ድንኳኑን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። ቢሯችን ያንን ንድፍ ዘግቶ የሆቴል ፍሳሽ ማጣሪያ መሥራት ቀጠለ። እንጂነርም አብረው ሠሩ። አላማረሩም፣ አላለቀሱም፣ ስለዚያ ቤት አንድም ቀን አላነሡም። ክረምት ሲመጣ ግን በጫማ መጡ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ምን ሆነው ነው ብላ ጠይቃኛለች።

እማማ ተዋበች በተዛወሩ በዓመቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሞቱ። ከቢሮ ሄደን ተቀመጥን። ድንኳኑ ውስጥ ወንበሩ ከሰው ይበልጥ ነበር። እንጂነር በር በሩን እያዩ ሰው በገባ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይሉ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው የሕንፃው ጥበቃ ነው። እውነቱን ለመናገር ያኔ አላዘንኩላቸውም። ተናድጄባቸው ነበር። አንድ ቃል ነበር የተፈለገባቸው፤ ያቺን አንዲት ቃል ከልክለው ሰፈር በተኑ ብዬ ነበር የማስበው። ንዴቱ ቢቀጥል ይሻለኝ ነበር። ቀስ በቀስ እሱም ሄደና ስማቸው ሲነሣ ምንም የማይሰማኝ ሰው ሆንኩ።

ወንዝ ዳሩ ተሠራ። አምሯል፤ አላምር ብሎ ቢሆን ለመጻፍም ይቀለኝ ነበር። ረግረጉ በሳቸው ንድፍ ነው የቆመው፤ ደንገሉ አድጎ ዳክዬ ገብቶበታል፤ ከሥሩ የሚወጣው ውሃ ጠርቶ ጠጠሩ ይታያል። ሰማያዊ በርሜሎች ላይ የቆመው ናሙና ቤትም አልፈረሰም፣ ቀለም ተቀብቶ እዚያው አለ። ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል።

ምንም ስላልተሰማኝ ነው ለቀብራቸው መሄዴ እንደ ሥራ የሆነው። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ታክሲ ይዤ፣ በሰዓቱ ደረስኩ። ሳጥኑን የተሸከሙት የኮንዶሚኒየሙ ጎረምሶች ናቸው፤ ጨዋ ልጆች፣ ግን እንጂነርን በደረጃ ላይ ሰላምታ ብቻ ነው የሚያውቋቸው። ቄሱ ፍትሐቱን ሊጀምሩ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁ። ጎረምሶቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጸሐፊያችን ዞርኩ። ከተሰበሰብነው ማንም አያውቀውም። ቄሱ መጽሐፋቸውን እንደገለጡ ጠበቁ።

"አስካለ ማርያም" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

አቶ ደምሴ ነበሩ። ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ዘግይተው ደርሰዋል። ከተበተነው እድር ወሬው የደረሰው ለሳቸው ብቻ ነበር። ክርስትናዋን ስትነሣ ቆሜ ነበር አሉን።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ጎኔ ተቀመጡ። ድንኳኑ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ፣ መንገዱን ይዞ ነው የተተከለው፤ የሚመጡ መኪናዎች እያዩ ይመለሳሉ። አቶ ደምሴ ንፍሮአቸውን በእጃቸው እንደያዙ ሳይበሉ ብዙ ቆዩ።

"ይኸው መንገድ ላይ ነው የተከሉት" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ለቅሶ ድሮስ መች ቤት ውስጥ ይችላል? የኛም ድንኳን ሁልጊዜ ከላይ አስፋልቱ ላይ ነበር የሚተከለው። ያ ቤትስ ቢሆን ያው አልነበር?"

ዞር ብዬ አየኋቸው። ታዲያ ለምን ጠየቋቸው አልኩ። አቶ ደምሴ አልተቆጡም፤ አስረዱኝ። በእድራቸው ወግ አንድ ጉዳይ ከመዘጋቱ በፊት ሰብሳቢው አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ነገ ማንም ተነሥቶ ይህ ሳይጠየቅ ቀረ እንዳይል ነው። ተጠያቂው በእግዚአብሔር ፈቃድ ይሆናል ይላል፣ ይመረቃል፣ ሁሉም ይፈርማል። ከየቤቱ ስብሰባ የሚገባው ሰው ይህን ያውቃል። ከእንጂነር ቤት ግን ስብሰባ የሚገቡት እናታቸው ነበሩ፤ እሳቸው ያን ቀን ገና መግባታቸው ነው። እማማ ተዋበች ደግሞ በዚያ ቀን ጉንፋን ይዟቸው ቤት ቀርተዋል።

"እስክሪብቶ አውጥተን ነበር እኮ" አሉ አቶ ደምሴ።

"ያኔውኑ ለምን አልነገሯቸውም?"

"እንዴት ብዬ? በሰው ሁሉ ፊት አይችልም ብላ እውነቷን ያወጣችን ልጅ፣ ግድ የለም ዋሺን ልበላት? ደግሞ እስከ ገና ጊዜ አለ፣ ትጨርሳለች ብዬ ነው።"

አንገቴን ደፋሁ። አቶ ደምሴ ግን አልጨረሱም ነበር። ቀና ብለው ያዩ የነበረው ድንኳኑን ነው።

"መታመሟን ስሰማ፣ ሳልነግራት አትሂድብኝ ብዬ ጳውሎስ ሆስፒታል ሄድኩ። ገና ስታየኝ ነው እጄን የያዘችኝ። 'ጋሼ፣ ጨርሼዋለሁ። አሁን ለቅሶ ይችላል፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢገባም አያዘነብልም' አለችኝ።"

"ምን አሏቸው?"

"ምን እላታለሁ? 'ጎበዝ፣ ልጄ፣ እንፈርማለን' አልኳት።"